የወንድሜ ክር እና የጎረቤቴ ጣት

እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተምች ነው። ዛሬ ግን ስለ ዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ስለ ክሩ ብቻም አይደለም፤ እኔ ራሴ ስለሠራሁት ስህተት ነው። ባለሙያ ሲሳሳት ዝም ማለት ይቀለዋል። እኔ ዝም ብል ግን ነገ ሌላ ሰው ይጎዳል።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጆች ሆነን ጣና ዳር በቀርከሃ ዘንግ አብረን ቀረሶ እናጠምድ ነበር። እዚያም ሄዶ አመሉን አልተወም። ቅዳሜ ሲሆን ፖቶማክ ወንዝ ወርዶ ባስ የሚባል ዓሣ ያጠምዳል። ባስ አፈ ሰፊ ነው፤ ውኃ ውስጥ ባለ ሣር ተደብቆ ያደባና ትናንሽ ዓሣ ሲያልፍ ዘሎ ይውጣል። ብዙዎቹ ለመዝናናት ስለሚያጠምዱት ይይዙታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ መልሰው ይለቁታል። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው «ታዲያ መጀመሪያ ለምን ያዙት?» ብለው ስቀውብኛል።

አምና ለፋሲካ ሲመጣ አንድ ዘንግ ከነክር መጠቅለያው፣ ሪል ከሚሉት ጋር፣ እና የተጎነጎነ ክር ይዞልኝ መጣ። ባስ ጣና ውስጥ የለም። ግን ጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ከነሱ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። «እነዚህም እንደ ባስ አሳዳጅ ስለሆኑ ሞክረው» አለኝ።

እኛ የለመድነው የናይለን ክር አንድ ወጥ ነው፣ እንደ ቀጭን ሽቦ። ሲጎተት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የተጎነጎነው ክር ግን እንደ ሹሩባ ነው። በጣም ጠንካራ ከሆነ የፕላስቲክ ጭረት አራት ወይም ስምንት ዘለላ ተጎንጉኖ ይሠራል። አይለጠጥም ማለት ይቻላል። ውፍረቱም ያታልላል። 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ የሚችለው ጉንጉን ክር ውፍረቱ ከ0.23 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ናይለን ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ የሚችለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀጭን ክር ብዙ ርቀት ይወረወራል፤ ዓሣው ገና ሲነካውም እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ነግሮኝ ሄደ። እኔም ብቻዬን ስጀምር ሁሉንም ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ጉንጉን ክሩን ባዶው ማጠንጠኛ ላይ በቀጥታ ጠቀለልኩት። ዓሣ ያዘኝ፤ እጀታውን ባዞር ባዞር ክሩ አይመጣም። ለካ ክሩ ልሙጥ ስለሆነ ተጠቅልሎ እንዳለ ማጠንጠኛው ላይ ይንሸራተታል! መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከሥር ጥቂት ዙር ናይለን ጠቅልሎ ጉንጉኑን ከሱ ላይ መቀጠል ነው። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ማጠንጠኛውን እስከ አፉ ሞላሁት። ስወረውር ክሩ በአንድ ጊዜ ተንዶ ወጣና እንደ ወፍ ጎጆ ተወሳሰበ። ግማሽ ቀን ስፈታ ዋልኩ። ከማጠንጠኛው ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከወረወራችሁ በኋላም ክሩን የሚመልሰውን ቀስት ሽቦ በእጃችሁ ዝጉ፣ የላላውን ክር በጣታችሁ ሳብ አድርጉ፣ ከዚያ ጠቅልሉ። ያለዚያ የላላው ክር ከውስጥ ይታሰርና በሚቀጥለው ውርወራ ጉድ ይሠራችኋል።

እስከዚህ ድረስ የከሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቀጥሎ ያለው ግን የሌላ ሰው ጣት ነው።

ጎረቤቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ በደንገል ታንኳ አምባዛ የሚያጠምዱ ሰው ናቸው። ዘንግ የለ፣ መጠቅለያ የለ፤ መንጠቆ፣ ክር እና እጅ ብቻ። የናይለን ክራቸው እየተበጠሰ ሁለት ጊዜ ትልቅ አምባዛ አምልጧቸው ነበር። እኔም የተረፈኝን ጉንጉን ክር ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይኸን ይያዙት። ይኸ አይበጠስም» አልኳቸው። የመከርኳቸው ይህችኑ ብቻ ነው። ስለ እጃቸው አንድ ቃል አልተናገርኩም። እኔ የማጠምደው በመጠቅለያ ስለሆነ አልታሰበኝማ!

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አመሻሽ፣ ክሩን እንደለመዱት አመልካች ጣታቸው ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው ተቀመጡ። አምባዛው ነጠቀ። ናይለን ቢሆን ኖሮ ይለጠጥና ጣት ለማውጣት ፋታ ይሰጥ ነበር። ወፍራም ስለሆነም ቆዳ ይልጥ እንደሆነ እንጂ ቶሎ አይቆርጥም። ጉንጉኑ ግን አልተለጠጠም። እንደ ምላጭ እስከ አጥንቱ ገባ። ቀኝ እጅ ነው።

ጤና ጣቢያ ተሰፋላቸው፤ ለሳምንታት እንዳይጨብጡበት ተነገራቸው። ሰኔ ደርሷል። ዳጉሳ የሚዘራበት ማሳ ገና ሁለተኛ እርሻ ላይ ነው። እርፍ የሚይዘው ያው እጅ ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው ተጠቅልሎ፣ በሬዎቻቸውን እያዩ አገኘኋቸው። ምን እንደምል ጠፋኝ። እሳቸው ቀድመው «እውነትህን ነው ልጄ፤ ክሩስ አልተበጠሰም» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

መንደሩ ደቦ ወጥቶ አረሰላቸው፣ ዘራላቸው። እኔም ሁለት ቀን ወጣሁ። ባለሙያው እርፍ ሲይዝ ጥማዱ አልታዘዝ ብሎት ልጆች ስቀውብኛል፤ ይሳቁ። ዳጉሳው በቀለ። ጣታቸው ግን እስከ ዛሬ አንዱ አንጓ በደንብ አይታጠፍም። ደቦ ባይኖር ያ ማሳ ጦም ያድር ነበር። አንድ ያልተሟላ ምክር የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ሊወስድ ምን ቀረው?

ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «በምንድነው የምትይዘው?» ብዬ ነው። በእጅ ከሆነ ጉንጉን ክር አትንኩ። ወፍራም ናይለን፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ይሻላችኋል። እሱንም ቢሆን ጣት ላይም ሆነ አንጓ ላይ አትጠምጥሙ። እንጨት ላይ ጠቅልሉት፤ ስትጎትቱም መዳፋችሁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ።

በዘንግና በመጠቅለያ ከሆነ ጉንጉን ክር ጥሩ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፓውንድ ነው፤ አንዱ ፓውንድ 450 ግራም ያህል ነው። ለትንሽ መጠቅለያ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ያለው ይበቃል። ከዚያ የወፈረ ማጠንጠኛውን ቶሎ ይሞላል፣ ርቆም አይሄድም። በጣም የቀጠነው ደግሞ ለቋጠሮም ለዓይንም ያስቸግራል። የመጠቅለያውን ፍሬን ላላ አድርጉት፤ ክሩ ስለማይለጠጥ ፍሬኑ ከጠበቀ ወይ መንጠቆው ከዓሣው አፍ ይቀደዳል፣ ወይ ዘንጉ ይሰበራል። ክሩ ሲነክስ ደግሞ በእጃችሁ ጠምጥማችሁ አትሳቡ፤ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ሳቡት።

ቦታውንም እዩ። ወንድሜ ፖቶማክ ላይ ጉንጉን የሚመርጠው ውኃው ውስጥ ሣር ስለሚበዛ ነው፤ ቀጭኑ ክር ሣሩን እየቆረጠ ይወጣል። እኛም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባል ጣጣ አለብን፤ በእምቦጭ ዳር ጉንጉን ያዋጣል። ድንጋይ ያለበት ቦታ ግን ጉንጉን ሲታሽ ቶሎ ይበጠሳል። ውኃው ጥርት ካለም ዓሣው ክሩን ያየዋል። ለሁለቱም ዘዴው አንድ ነው፦ ጫፉ ላይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ናይለን ቀጥሉበት። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡ። ጉንጉን ስለሚያሟልጭ ከናይለን በበለጠ ብዙ ዙር ይፈልጋል። ሲቆረጥ በመቀስ እንጂ በጥርስ አትሞክሩ።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልሰናበት። ቁርጥራጭ ክር ዳር ላይ አትጣሉ። አይበሰብስም፤ የወፍ እግር ያስራል፣ ከብት ከሣር ጋር ቢውጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ኪሳችሁ ከታችሁ ወደ ቤት ውሰዱት። ሁለተኛ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል። በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ አታጥምዱ፤ ያኔ የምትይዙት አንድ ዓሣ አይደለም፣ የከርሞውን ነው።

ጎረቤቴ አሁንም ያጠምዳሉ። ክራቸው ወፍራም ናይለን ነው፣ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደህና አምባዛ ይዘው በቤቴ በኩል ሲያልፉ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። በቀኝ እጃቸው ነበር የያዙት።

እናንተስ በምን ክር ነው የምታጠምዱት? የደረሰባችሁ ካለ ጻፉልኝ፤ ሌላውም ይማርበት።