ከልጄ ጋራ በጣና ላይ የዋልሁበት ቀን

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ስሆን፣ ሥራዬ ሰው የተናገረውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ መጻፍ ነው። ነገር ግን የሌላውን ሁሉ ቃል ስጽፍ የገዛ ልጄን ቃል ሳልሰማ እንደ ኖርሁ የተረዳሁት፣ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በጣና ባሕር ላይ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አዕዋፍንና አራዊትን ከማየት የበለጠ የሚያስደስታት ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ሕግ ተምራ ዳኛ እንድትሆን አስቤ ስለ ነበር፣ ይህን እንደ ልጅ ጨዋታ እቈጥረው ነበር። ልመናዋን ስላበዛች ብቻ ወደ ባሕር ዳር ወሰድኋትና ከጥቂት መንገደኞች ጋራ በሞተር ጀልባ ተሳፈርን።

የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች አሉበት፤ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ከተጠበቁት የተፈጥሮ ስፍራዎች ጋራ መዝግቦታል።

ጧት ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ተቀምጠው መረባቸውን ሲስቡ፣ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ትርፍራፊ ለማግኘት ይከተሏቸው ነበር። ጥቁርና ነጭ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍም ክንፏን እያራገበች በአየር ላይ በአንድ ስፍራ ቆየችና፣ ድንገት እንደ ድንጋይ ወርዳ ዓሣ ይዛ ወጣች። ልጄ ይህን ሁሉ ከነሰዓቱ በደብተሯ ትጽፍ ነበር።

ክብራን ገብርኤል በደረስን ጊዜ፣ ወደ ደሴቱ ሴት እንዳትገባ የቆየ ሥርዓት ስላለ ልጄ ከጀልባው ነጂ ዘንድ ቀረች። የብራና መጻሕፍቱን አይቼ ስመለስ ያዘነች መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን ነጂውን ስለ ጉማሬ ጠባይ እየጠየቀች ከእኔ ይልቅ አትርፋ ቈየችኝ።

ወደ ማታ፣ ዓባይ ከባሕሩ በሚወጣበት አጠገብ አንዲት ጉማሬ ከነግልገሏ በደንገሉ ጥግ ታየች። ነጂው ሞተሩን አጠፋ። እኔ ግን «ገንዘብ ከፍለን የመጣን ነን፤ ጠጋ በል እንጂ» አልሁት። ዕድሜዬን አክብሮ ጥቂት ቀዘፈ። በዚህ ጊዜ ልጄ ክንዴን ይዛ በዝግታ፣ «አባባ፣ ወደ ጥልቁ የምትሄድበትን መንገድ ዘጋንባት። ጋሼ ቅድም እንደ ነገሩኝ፣ ጉማሬ መሸሻ ካጣ ወደ ሰው ይመጣል» አለችኝ።

በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም እንዲል ተምሬአለሁና፣ ዝም በይ ልላት ስል ጉማሬይቱ አፏን ከፍታ አጓራች፤ ከዚያም ሰጥማ ጠፋች። ክብደቱ ከ10 ኩንታል የሚበልጥ አውሬ ከጀልባችን በታች ይሁን ከጐናችን አላወቅንም። ነጂው በመቅዘፊያው ወደ ኋላ መለሰን፤ ማንም አልተናገረም። ጥቂት ቈይቶ፣ ቀድሞ ጀልባችን ቆሞበት በነበረው ስፍራ ብቅ አለች፤ ግልገሏም አብሯት ነበር። ሁለቱም ወደ ጥልቁ ሄዱ።

ማታ ደብተሯን ለምኜ አነበብሁ። «10 ሰዓት ከሩብ። ጉማሬ ከነግልገሏ። መንገዷን ዘጋንባት። ጥፋቱ የእኛ ነው» ይላል። ነጂውን ያዘዘው ማን እንደ ሆነ ግን አልጻፈችም። ስንት ዓመት ቃል ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ምን እንደ ተወችልኝ ወዲያው አስተዋልሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሕግ ትምህርት አላነሣሁባትም፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የአራዊትን ትምህርት ትማራለች። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ክንዳችሁን ይዞ ሲናገር፣ ዝም በል ከማለታችሁ በፊት ቃሉን እስከ ፍጻሜው ስሙት።