በውኃ ሥር ያለ እርሻ

የአገራችን ሰው የኤሌክትሪክን ኃይል «መብራት» ብሎ ሰይሞታል። ወፍጮ የሚያዞረውንም፥ ብረት የሚበይደውንም፥ ውኃ ከጕድጓድ የሚስበውንም በአንድ ስም መብራት ይለዋል። ፀሐይ በቀትር ቆማ ሳለች «ዛሬ መብራት የለም» ቢባል ማንም አይደነቅም። የዚህ ስም ሰሙ ብርሃን ነው፤ ወርቁ ግን ሥራና እንጀራ ነው። ነገሩ እውነት እንደ ሆነ ለማየት የሚወድ ሰው በጅማ ከተማ፥ በበቾ ቦሬ፥ ወደሚገኝ ወደ አንድ ወፍጮ ቤት በማለዳ ቢሄድ ይበቃዋል።

በዚያ ወፍጮ ቤት ደጃፍ፥ መብራት በጠፋ ቀን፥ ጆንያው ከጆንያ ኋላ፥ ስልቻው ከስልቻ ኋላ ተሰልፎ ይታያል። ባለቤቶቹ ወደየጉዳያቸው ሲሄዱ እህሉ ራሱ ተራ ይጠብቅላቸዋል። ባለ ወፍጮው ዕድሜው ሃምሳ የደረሰ ሰው ነው፤ ዱቄት በጠገበ ካቦርታው በሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ በትዕግሥት ይመልሳል። «እማማ፥ ይግቡና ይረፉ፤ ሲመጣ የመጀመሪያው የእርስዎ ነው» ይላል። አሮጊቷም «አንተ ልጄ፥ መቼ ይመጣል?» ሲሉት «እርሱን እኔም ብጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም» ይላቸዋል።

ይህ ሰው የከተማ ተወላጅ አይደለም። አባቱ በግልገል ግቤ ወንዝ ዳር ጤፍና በቆሎ የሚያመርት፥ ከብትም የሚያረባ ገበሬ ነበረ። ግልገል የሚለው ቃል ከእናቱ ኋላ የሚሄደውን ታናሹን ስለሚያመለክት ወንዙ ከታላቁ ግቤ ጋር ሲነጻጸር በዚህ ስም ተጠራ። ነገር ግን መሐንዲሶች የተመለከቱት የታናሹን ወንዝ ብርታት ነው። በደርግ ዘመን ተጀምሮ፥ ቆሞ፥ እንደ ገናም ተነሥቶ፥ የግልገል ግቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ተፈጸመ። ከፍታው 40 ሜትር፥ ርዝመቱ 1,700 ሜትር የሚያህል የድንጋይ ካብ ነው፤ በኋላው የተጠራቀመውም ውኃ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። በኦሞ ናዳ፥ በቀርሳ፥ በጢሮ አፈታና በሰኮሩ መካከል ያለው ሸለቆ ሐይቅ ሆነ፤ 10,000 ያህል ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተው በሌላ ስፍራ ሰፈሩ። የባለ ወፍጮው አባት ከእነዚህ አንዱ ነበረ። ካሳውን ተቀብሎ አዲስ ጎጆ ቀለሰ፤ ልጁ ግን ወደ ጅማ መጥቶ በናፍጣ በሚሠራ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ ከብዙ ድካምም በኋላ የራሱን ወፍጮ አቆመ። ወፍጮውም በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው።

እንግዲህ የዚያ ሰው ዕድል እንዴት ያለ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። የአባቱ እርሻ እህል ማብቀሉን ተወ፤ የሌላውን ሰው እህል ለመፍጨት ግን ኃይል ሰጠ።

የኃይሉም አመጣጥ ለወፍጮ ቤት ሰው የሚከብድ አይደለም። በዱሮ ዘመን በወንዝ ዳር የተሠራ የውኃ ወፍጮ የሚወርደውን ውኃ በመዘውር ተቀብሎ ድንጋዩን ያዞር ነበር። የዛሬውም መሠረቱ ያው ነው። ውኃው ከከፍታ በቧንቧ ወርዶ መዘውሩን ይመታል፤ መዘውሩም ማግኔቱን በመዳብ ሽቦ ጥቅል መካከል ያዞራል፤ ከዚያም ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የዱሮው ወፍጮ ከወንዙ ሊርቅ አይችልም፤ የዛሬው ግን የውኃውን ጕልበት በሽቦ ተቀብሎ በሩቅ አገር ይፈጫል። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ተከማችቶ የሚቆይ ስላልሆነ፥ በሚፈለግበት ሰዓት መመረት አለበት፤ ጎተራው ሐይቁ ነው።

በግልገል ግቤ ምድር ውስጥ የተሠራው ኃይል ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት ይሰጣል። ውኃውም አንድ ጊዜ ሠርቶ አያርፍም። በፎፋ ተራራ ሥር በተፈለፈለ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ አልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በዚያም ዳግመኛ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ይህን ዋሻ መፈልፈል ቀላል አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ጭቃ ገንፍሎ መቈፈሪያውን መሣሪያ አሰናከለ፤ በጥር 2002 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ከዋሻው አንዱ ክፍል ተደርምሶ ሥራው ብዙ ወራት ቆመ። ተራራ በልኩ ተለክቶ እንኳ የሰውን ልክ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ከዚያም በታች በኦሞ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ሦስተኛው የግቤ ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በአባይም ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ ግድብ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

የባለ ወፍጮው ልጅ የምሕንድስና ተማሪ ነው። አንድ ቀን አባቱ ለደንበኞቹ «ይህን ወፍጮ የሚያዞረው የአባቴ መሬት ነው» ሲል ሰምቶ፥ «አባባ፥ እንዲህስ አይደለም፤ የግቤውም፥ የአባዩም፥ የሌላውም ኃይል በአንድ መረብ ይቀላቀላል፤ ወደዚህ የሚመጣው ከየትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅ የለም» አለው። አባቱም ከወፍጮው አፍ አንድ ጭብጥ ዱቄት ዘግኖ፥ «ልጄ፥ ይህ ዱቄት የማን ነው? ካሁን ቀደም የፈጨችው ሴት እህል በድንጋዩ ላይ ቀርቶ ከዚህኛው ተቀላቅሏል። ለይተህ ማውጣት አትችልም፤ ነገር ግን የእርሷ እህል በውስጡ የለም ብትል ትዋሻለህ» ብሎ መለሰለት። ልጁም ዝም አለ። ትምህርቱ ትክክል ነበረ፤ የአባቱም መልስ ከትምህርቱ ጋር አልተጣላም።

ይሁን እንጂ ባለ ወፍጮውን የሚያሳዝነው የወፍጮው መቆም ብቻ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ በሐይቁ አጠገብ በሰፈረበት ቀዬ ማታ በኩራዝ ይቀመጣል፤ ታላላቆቹ ሽቦዎች ግን በማዶ ያልፋሉ። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ሲሰማ የሚስቀው ሌላው ሰው ነው፤ እርሱ አይስቅም። የሐይቁም ዳር በሽታ አለበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2001 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ በግድቡ አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ ተጋልጠው እንዳገኟቸው ጽፈዋል። ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ማዳረስ ሁለት ሥራ ነው። ግድቡ ለአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ምሰሶው፥ ሽቦውና ትራንስፎርመሩ ግን በየመንደሩ በየዓመቱ የሚጠብቃቸው ይፈልጋሉ።

ሐይቁንም ቢሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። በዝናም ጊዜ ከተራቈተው ተዳፋት የሚወርደው አፈር ወደ ጎተራው ይገባል፤ አፈር በገባበት ስፍራ ውኃ አይገባም። በዋንዛና በሰሳ ጥላ ቡናውን የሚያለማ የጅማ ገበሬ ግን፥ ሳያውቀው የግድቡ ዘበኛ ነው፤ የዛፉ ሥር አፈሩን ይዞለታልና። ጥላውን ቈርጦ ኮረብታውን ያራቈተ ሰው ከዛፉ ጋር የወፍጮውንም መዘውር ይቈርጣል።

በዚያ ቀን ከቀትር በኋላ መብራቱ መጣ። ቀበቶው ተንቀሳቀሰ፥ ወፍጮው አጓራ፥ የቤቱም ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «መጣ!» አለ። ባለ ወፍጮው በቃሉ መሠረት የአሮጊቷን ጤፍ አስቀድሞ አፈሰሰ። ከሰልፉ ኋላ የነበረ አንድ ጐልማሳ «እኔ ከእርሳቸው አስቀድሜ መጥቻለሁ» ብሎ ቢያጕረመርም፥ «ወንድሜ፥ እርሳቸው ከሌሊት ጀምሮ እዚህ ናቸው፤ አስቀድሞ የጠበቀ አስቀድሞ ይቀበል» አለው።

ይህ የወፍጮ ቤት ሕግ ነው። መሬታቸውን አስቀድመው የሰጡ በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሰዎች፥ ይህ ሕግ ለእነርሱም እስኪደርስ ድረስ፥ ተራቸውን ይጠብቃሉ።