የመታሰቢያ ገንዘብና የሐራጁ ዋጋ

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነገር ለአንዳንዱ አንባቢ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገሩ ስለ አየርላንድ የመታሰቢያ ገንዘቦች፥ ይልቁንም የጥራት ደረጃ ወጥቶላቸው በጠራ ፕላስቲክ ሣጥን ታሽገው በኢንተርኔት ሐራጅ ስለሚሸጡት ነው። በደብሊን ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ገበያ በመመልከት ብዙ ምሽት አሳልፌአለሁ፤ ያተረፍኩትም ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለመታሰቢያ ብሎ ያስመታውን ብር፥ ከባሕር ማዶ የተቀመጠ ሌላ ሰው በምን ሚዛን መዝኖ ዋጋ እንደሚቆርጥለት ማየት ልብን የሚስብ ነገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከገንዘቦቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው በ1966 ዓ.ም. የወጣው ባለ 10 ሽልንጉ ብር ነው። በ1916 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን በደብሊን የተነሣው ዐመፅ 50ኛ ዓመቱ ሲከበር የአየርላንድ መንግሥት ይህን ብር አስመታ። ከዚያ በፊት በአገሩ ገንዘብ ላይ የሚታየው ምልክት በገና ሲሆን፥ በዚህ ብር ላይ ግን የፓትሪክ ፒርስ መልክ ተቀረጸ። ፒርስ መምህርና ባለቅኔ የነበረ፥ በኤፕሪል 24 ቀን 1916 ዓ.ም. በዋናው ፖስታ ቤት ፊት ቆሞ የሪፑብሊኩን ዐዋጅ ያነበበ፥ ከ9 ቀንም በኋላ በእንግሊዞች ጥይት ተደብድቦ የሞተ ሰው ነው። በሌላው ወገን የጥንቱ ጀግና ኩኹለን ሲሞት ይታያል፤ ይኸውም ኦሊቨር ሼፐርድ ከሠራውና በዚያው ፖስታ ቤት ውስጥ ከቆመው ሐውልት የተወሰደ ነው። የፋሲካውን ዐመፅ ስምና ዓመቱን በአየርላንድ ቋንቋ በጠርዙ ዙሪያ ጽፈውበታል።

ከዚህ ብር 2 ሚሊዮን ያህል ተመቶ ነበር። ይሁን እንጂ በገበያ አልተወደደም፤ ሰዉ የለመደውን የ10 ሽልንግ ወረቀት መረጠ። ከዚህም የተነሣ ከ1 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ የሚበልጠው ወደ ባንክ ተመልሶ ቀለጠ። ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ተብሎ የወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ እቶን መመለሱ ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ዛሬ የተረፈው ብር ዋጋ ያገኘው ግን በዚያው መቅለጥ ምክንያት ጭምር ነው።

የብሩ ክብደት ከ18 ግራም ጥቂት ያልፋል። ከመቶው 83 እጅ ያህል ብር ስለ ሆነ 15 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለበት። በ1971 ዓ.ም. የአገሩ ገንዘብ በመቶ እንዲከፈል ሲደረግ 10 ሽልንግ 50 ፔኒ ሆነ፤ ይህም ዩሮ በገባበት ምንዛሪ ቢሰላ 63 ሳንቲም ያህል ነው። እንግዲህ ፊቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ አንድ፥ ማዕድኑ የሚያወጣው ዋጋ ሌላ ሲሆን፥ ሐራጁ የሚሰጠው ሦስተኛው ዋጋ ደግሞ ከሁለቱም ጋር የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የማዕድኑ ዋጋ ግን ወለል ነው፤ ከእሱ በታች የሚሸጥ ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ አላወቀም።

ሦስተኛው ዋጋ የሚመነጨው ከደረጃው ነው። የደረጃውን ልኬት ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሲሆን፥ በ1949 ዓ.ም. ስለ አሜሪካ ጥንታዊ የመዳብ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ቁጥር ወሰነ። አሳቡም ደረጃው 70 የሆነ ሳንቲም ደረጃው 1 ከሆነው 70 እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። ያ ሒሳብ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። (ይኸው ሰው ከሞተ በኋላ፥ በኒው ዮርክ ከሚገኝ የገንዘብ ጥናት ማኅበር ስብስብ የተሻሉትን ሳንቲሞች እየወሰደ በፈንታቸው የራሱን ዝቅተኞች ይተካ እንደ ነበር ታውቋል። ደረጃ ማወቁ እንግዲህ አያጠራጥርም።) ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው፥ ደረጃ ሰጥተው፥ በሣጥን አሽገው መመለስን ሥራቸው አደረጉ። ከ60 እስከ 70 ያለው ለገበያ ያልዋለው ገንዘብ ነው። 70 የሚባለው አምስት እጥፍ በሚያጎላ መስታወት ሲታይ እንከን የማይገኝበት ነው።

ለእኛ አገር ሰው ገንዘብን መርምሮ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም። በጠገራ ብር ዘመን የነበሩ አባቶቻችን የንግሥቲቱን መልክና ጌጥ አገላብጠው ሳያዩ አይቀበሉም፤ የተፋቀውንም ይመልሱ ነበር። ልዩነቱ እነሱ የሚመረምሩት ብሩ ሐሰተኛ እንዳይሆን፥ ሌላውም ሰው እንዲቀበላቸው ነው። የዛሬው መርማሪ ግን የሚፈልገው ብሩ በሰው እጅ አለመዳሰሱን ነው። በ1966 ዓ.ም. ዳቦ የተገዛበት፥ ለልጅ የተሰጠ፥ በኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር የተፋጨ ብር ከ60 በታች ይወርዳል፤ በባንክ ከረጢት ተኝቶ የኖረው ግን ከፍ ይላል። በእኔ አስተያየት የገንዘብነት ሥራውን በሚገባ የሠራው ያ የተፋቀው ነው፤ ነገር ግን ሐራጅ ለሥራ ዋጋ አይከፍልም።

ወደ ሐራጁ እንምጣ። በኢቤይ እያንዳንዱ ተጫራች እስከዚህ እከፍላለሁ የሚለውን የመጨረሻ ዋጋ በስውር ያስገባል። አሸናፊው የሚከፍለው ግን የራሱን ሙሉ ዋጋ አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው ከሰጠው አንዲት እርከን ከፍ ያለውን ነው። የዚህ ዓይነቱን ጨረታ ጠባይ ዊልያም ቪክሪ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1961 ዓ.ም. ተንትኖ ጽፎበታል፤ በ1996 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው አሸናፊው ሳይሆን የተሸነፈው ሰው ነው። ባለ 67 ደረጃ ብር ለመግዛት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ቢፎካከሩ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ አንደኛው ካገኘና ከረካ በኋላ ግን በሚቀጥለው ወር ተመሳሳዩ ሲወጣ ተፎካካሪ ስለሌለ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሸጠበትን ዋጋ ይዞ የብሩ ዋጋ ይህ ነው ማለት አንድ ዝናብ አይቶ ክረምት ገባ እንደ ማለት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ድርጅቶቹ በየደረጃው ያሳለፉትን የሳንቲም ብዛት በመዝገብ ያወጣሉ፤ ሻጩም «በዚህ ደረጃ ያሉት አራት ብቻ ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን የተዛባ ነው። ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ ብሩ ራሱ ከሚያወጣው ስለሚበልጥ ብዙ ሰው አይልከውም። በመዝገብ አራት ሆነው በየቤቱ መሳቢያ አራት ሺህ ሊሆኑ ይችላሉ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የነበሩ አንዲት አረጋዊት መበለት አንድ ምሽት የቢስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ። ባለቤታቸው የአውቶቡስ ነጂ ነበሩ፤ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው መቃብራቸው ገና ድንጋይ አልቆመበትም። በቆርቆሮው ውስጥ ሰባት ባለ 10 ሽልንግ ብሮች ነበሩ፤ ከነዚህ አንዱ ታሽጎ 66 ደረጃ የተሰጠው ነው። የእኅታቸው ልጅ ይህንኑ የመሰለ ብር በስልኩ አሳይቷቸው ኖሮ፥ የተጻፈበትን ዋጋ በወረቀት መዝግበው ይዘዋል። ወረቀቱን ዘርግተው «ልጄ፥ ይህ ለድንጋዩ ይበቃል አይደለም?» አሉኝ።

በወረቀቱ ላይ የነበረው ሻጩ የጠየቀው ዋጋ እንጂ ገዢ የከፈለው አልነበረም። ሁለት ምሽት አብረን ተቀምጠን፥ በእርግጥ የተሸጡትን ብቻ እየመረጥን በደብተር ጻፍን። በድርድር የተሸጡትን አስወጣን፤ በእነዚያ ላይ የሚታየው የተሰረዘው የመጀመሪያ ዋጋ ስለ ሆነ የተከፈለው አይታወቅምና። የሌላ ድርጅት ሣጥን ያለባቸውን ለየን፤ ገዢ ለሁለቱ ድርጅቶች እኩል እምነት የለውም። የመላኪያውንና የገበያውን ድርሻ ቀነስን። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ግምት በወረቀታቸው ላይ ከነበረው ሩቡን ያህል ነበር።

ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ያ ሰው ስለ ምን ያን ያህል ጻፈ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እስካሁን አልሸጠውም፥ ብዬ መለስኩላቸው። «እንግዲያስ ድንጋይ የሚያቆምለት ሰው የለውም ማለት ነው፤ መጠበቅ ይችላል» አሉ። ስለ ጠያቂና ስለ ተከፋይ ዋጋ ልዩነት ከዚህ የበለጠ የተናገረ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ የከተማው ነጋዴ ሰባቱንም በሚዛን ሊገዛቸው ጠይቆ ነበር፤ የታሸገውንም እንደ ተራ ብር ቆጥሮ። እኛ የታሸገውን ለብቻው በማዕድኑ ዋጋ አስጀምረን ለ10 ቀን ሐራጅ አወጣነው፤ የሚዘጋበትንም ሰዓት ሰው እቤቱ በሚገኝበት በእሑድ ምሽት አደረግነው። ዘጠኝ ቀን ተኩል ያህል ነገሩ የሞተ መሰለ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሁለት ሰዎች ተያያዙና በደብተራችን ካለው ግምት ጥቂት አልፎ ተዘጋ። አምስቱ በአንድነት ከብር ዋጋቸው ብዙም ሳይርቁ ተሸጡ። ሰባተኛው፥ የፒርስ ጉንጭ እስኪጠፋ ድረስ በባለቤታቸው ኪስ የተፋቀው፥ ወደ ቆርቆሮው ተመለሰ። ማንም ዋጋ አልጠየቀበትም፤ እሳቸውም አላወጡትም። በመከር ወራት ድንጋዩ ቆመ። ጠራቢው የሚያስከፍለው በፊደል ቁጥር ስለ ነበረ ጽሑፉ ከታሰበው አጠረ፤ ሁለት መስመር ወጣ።

ስለ ፊደል ካነሣን አይቀር፥ በ2013 ዓ.ም. የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ለደራሲው ለጄምስ ጆይስ መታሰቢያ ያወጣው ባለ 10 ዩሮ ብር አለ። ብዛቱ 10,000፥ ዋጋውም 46 ዩሮ ነበር። ከ«ዩሊሲስ» መጽሐፍ የተወሰደው ቃል ሲቀረጽ በደራሲው ጽሑፍ ውስጥ የሌለች አንዲት ትንሽ ቃል ገባችበት። ባንኩም ስሕተቱን አምኖ፥ ያልፈለገው ገዢ ገንዘቡ እንደሚመለስለት አስታወቀ። ብሩ ግን ወዲያው አለቀ። ዛሬም በሐራጅ ሲወጣ «ስሕተት ያለበት ብርቅ ሳንቲም» እየተባለ ይጻፍበታል። በገንዘብ ሰብሳቢዎች ዘንድ ግን ስሕተት የሚባለው አንዱ ከወንድሞቹ ተለይቶ ሲበላሽ ነው፤ ይህ ግን ከአንድ ቅርጽ ስለ ተመታ አንዱ ከሌላው የሚለይበት የለም። ደረጃ አውጪውም የሚመለከተው የብሩን ገጽ እንጂ የተጻፈበትን ቃል አይደለም። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ 70፥ ማለት እንከን የለበትም፥ የሚል ቁጥር በተለጠፈበት ብር ላይም ያች ትርፍ ቃል ጥርት ብላ ትነበባለች።