የባዘነው ፈረስ

ስደተኛ ተማሪ ቀን ከመጽሐፉ ጋር ይታገላል፤ ሌሊት የሌላውን ሰው ንብረት ይጠብቃል። እኔም በዋሽንግተን ከተማ ከአንድ ሕንፃ ሥር በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ስሠራ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ ቁልፍ ተቀብዬ መኪናውን ሦስት ፎቅ ወደ ታች ወስጄ ማቆም፣ ሲፈለግም መልሼ ማውጣት ነው። በእጄ የሚያልፈው መኪና ብዙ ቢሆንም ልቤ የሚደነግጥለት አንድ ብቻ ነው፤ አንድ አዛውንት ዓርብ ዓርብ ይዘውት የሚመጡት ቀይ የ1965 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ።

ይህን መኪና የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሥዕሉን ከአሮጌ መጽሔት ቆርጦ በአልጋችን ራስጌ በጭቃው ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ለእኛ አሜሪካም ነፃነትም ማለት ያ መኪና ነበር። ወንድሜ ዛሬም በስልክ ስንገናኝ «ነዳኸው ወይ?» ይለኛል።

እንዲህ ማመናችን ያጋጣሚ ነገር አልነበረም። ሙስታንግ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው የአሜሪካ ትውልድ መኪና የሚገዛበት ዕድሜ ላይ እየደረሰ ነበር። ሊ አያኮካ ይመሩት የነበረው የፎርድ ክፍል ለዚህ ወጣት የሚሸጥ ሕልም ፈለገ። ሕልሙ ርካሽ መሆን ስለነበረበት፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው አብዛኛው ነገር ፋልከን ከተባለው ተራ የቤተሰብ መኪና ተወሰደ። ኮፈኑ ረዘመ፤ ኋላው አጠረ፤ መነሻ ዋጋውም 2,368 ዶላር ሆነ። ብርቱ ሞተርና ሬዲዮ የፈለገ ግን ተጨማሪ ይከፍል ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንድ ሚሊዮንኛው ሙስታንግ ተሠራ።

ከዚያ በኋላ መኪናው እየሰፋና እየከበደ ሄደ። የነዳጁ ማዕቀብ በመጣበት በ1973 ደግሞ አካሉ አንሶ፣ ፒንቶ ከተባለችው ትንሽ መኪና ብዙ ነገር ተውሶ፣ «ሙስታንግ ሁለት» ተብሎ ወጣ። በ1980ዎቹ ኃይሉ በፊት ጎማ በሆነ ሌላ መኪና ሊተካ ሲታሰብ ወዳጆቹ ደብዳቤ በማዝነብ አተረፉት። በዲርቦርን መሠራቱ በ2004 ቢያበቃም በዚያው በሚሺጋን፣ በፍላት ሮክ ቀጠለ፤ በ2018ም 10 ሚሊዮንኛው ወጣ።

በእኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። እኔም የዚህን የብረት ፈረስ ስም ፍቺ ፈለግሁ። ቃሉ ከስፓንኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው የባዘነ፣ ባለቤት ያጣ ከብት ማለት ነው። ስፓኞች ወደ አሜሪካ ካመጧቸው ፈረሶች ያመለጡት በሜዳ ሲዋለዱ ይህ ስም ተሰጣቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስሙ የእኔ ነበርና። በቀጣዩ ዓርብ የመኪናውን ግንባር ስመለከት፣ ሽምጥ የሚጋልበው ፈረስ በአራት ማዕዘን የብረት በረት ውስጥ መታጠሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋልሁ።

አዛውንቱ ቆሜ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። «አባቴ፣ ከወጣትነትዎ ጀምሮ የእርስዎ ነበር?» አልኋቸው።

«የለም ልጄ» አሉኝ። «ዴትሮይት አጠገብ በአንድ የመኪና ፋብሪካ 31 ዓመት በር ስገጥም ኖሬአለሁ። እዚያ ሰው ባለበት ይቆማል፤ የሚሄደው መኪናው ነው። ይህን የገዛሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አብሬው ለመሄድ።»

ቁልፉን ተቀብዬ ወደ ታች ስወርድ የወንድሜን ሥዕል አሰብሁ። በሥዕሉ ላይ መኪናውና ባዶ መንገድ እንጂ ሰው አልነበረበትም። በሩን የገጠመውን እጅ ሳናውቅ፣ ነፃነትን ያለ ሠሪዎቹ አልመን ኖረናል።

ወንድሜ ሲደውል «አዎ፣ ነድቼዋለሁ፤ ሦስት ፎቅ ወደ ታች» እለዋለሁ። ይስቅ ይሆናል። ከሣቀ በኋላ ግን ስለ በር ገጣሚው አጫውተዋለሁ።