ዝንብ የጠበቀው ቆላ

ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ደጋ ደጋውን ይዞ ይሄዳል። ጤፍ፣ ኑግ፣ ባሕር ዛፍ፣ በየጓሮው ጥቂት የቡና እግር። ጅማ አርጆን ካለፉ በኋላ ምድሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ከታች የተዘረጋው የዲዴሳ ሸለቆ ነው። ወደ ጊምቢ የሚጓዝ ሰውም ይህንኑ ወንዝ ሌላ ድልድይ ላይ ያገኘዋል። ወንዙ ከዓባይ ትልልቅ ገባሮች አንዱ ነው።

የመጣሁት የዱር እንስሳቱን ነገር ለማየት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ስለ አደን ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ቀንዱ በየዓመቱ ወልቆ እንደገና የሚበቅለው የኤልክና የዘመዶቹ ነገር ነው። ያ ዘር ከሰሃራ በስተ ደቡብ በተፈጥሮው የለም። በእኛ ደንና ቁጥቋጦ ውስጥ የእሱን ሥራ የሚሠሩት ድኩላ፣ ሚዳቋና ድፋርሳ ናቸው፤ ቅጠል ይቀነጥባሉ፣ የወደቀ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላሉ፣ ለነብርና ለአንበሳ ቀለብ ይሆናሉ። እነሱ ሲጠፉ ደኑ ለጊዜው ቆሞ ይታያል፤ አዳኙ አውሬ ግን የሚበላውን አጥቶ ወደ በረት ይመጣል።

ነቀምቴ ላይ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ጎብኝቼ ነበር። የሌቃ ነቀምቴ ገዢ የነበሩት ሞረዳ በከሬ፣ በኋላም ክርስትና ተነስተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ልጃቸው ኩምሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ከተደረገው የእምባቦ ጦርነት በኋላ ለምኒልክ ይገብሩ የነበረው በወርቅና በዝሆን ጥርስ ነው። የዝሆን ጥርሱ ወደ ባሕር በር ወርዶ ጠመንጃ ሆኖ ይመለስ ነበር። ግቢው ውስጥ ስዘዋወር ይህ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም፤ ወለጋ ለአገሪቱ መሣሪያ መግዣ ከከፈለችው አንዱ ዝሆኖቿ ናቸው።

በኦሮሞ ባህል ጎሽ፣ አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ይከበራል፤ ጀብዱውም ገራርሳ በሚባለው የጀግና ዘፈን ይነገርለታል። ነገር ግን በጦር ጎሽ ፊት የሚቆም ሰው በዕድሜው ስንት ይገድላል? ዱሩን ያራቆተው ያ ጀብዱ አይመስለኝም፤ ጠመንጃና ገበያ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ አውጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1944ም የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ዛሬ በነቀምቴ ዙሪያ ዝሆን የለም።

ታዲያ በዲዴሳ ቆላ ጎሹና ጉማሬው፣ ድኩላውና ድፋርሳው እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ እንዴት ቆዩ? መልሱን ያገኘሁት የበቆሎ ማሳ ዳር፣ ማማ ላይ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት ነው። አብሮኝ የነበረው የአካባቢው ልጅ በኦሮምኛ «ኦቦ» ብሎ ሰላምታ አቀረበላቸው፤ ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ወረዱልን።

«አባቴ፣ ድሮም እዚህ ያርሱ ነበር?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ። በልጅነታችን ከብት ይዞ እዚህ የሚወርድ አልነበረም። የወረደ በሬ ገንዲ ይይዘዋል፤ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ከዚያ ይሞታል። አባቶቻችን ለአደን ይወርዳሉ እንጂ ለእርሻ አይወርዱም።»

ገንዲን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ናት። ለዘመናት የዲዴሳንና የገባሩን የአንገርን ሸለቆ ከሞፈር የጠበቀችው እሷና ወባ ናቸው። አዋጅ ያልደረሰበትን ቦታ ዝንብ ጠብቃዋለች። ደም ከምትመጥባቸው ዋነኞቹ ከርከሮና ድኩላ ናቸው፤ እነሱን ግን ገንዲው እንደ በሬ አይጥላቸውም። ስለዚህም በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ዝንቧን እናጠፋለን ብለው አውሬውን ጨርሰዋል፤ በደቡብ ሮዴዥያ (በዛሬዋ ዚምባብዌ) ብቻ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የዱር እንስሳት ለዚሁ ተብለው ተገድለዋል። በዚህ ሸለቆ በደሌ ያሉት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የያዙት መንገድ ሌላ ነው፤ ከሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የሚሠራ ወጥመድ ይተክላሉ፣ የከብቱን ጀርባ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይቀባሉ። ከብቱ ይተርፋል፤ አውሬውም በጥይት አያልቅም።

አውሬው የሚያልቀው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ነው። ዝንቧ ስትሸሽ ሞፈር ይገባል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በአንገር ጉቲን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከሐረርጌ ለመጡ ገበሬዎች በጨዋቃ የተካሄዱት ሰፈራዎች ቆላውን በሰው ሞሉት። የአርጆ ዲዴሳ ስኳር ፋብሪካ አገዳም ሸለቆው ውስጥ ተዘረጋ። ድርቅ ያፈናቀለውን ገበሬ ለምን መጣህ የምል ሰው አይደለሁም፤ ልጁን ይዞ የት ይሂድ? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። መሬቱ ሲከፋፈል ለጎሹ ውኃ መውረጃ፣ ለድኩላው መሸሸጊያ የሚሆን ጥቂት ስፋት እንኳ በየቦታው አስበን ልንተው እንችል ነበር። ማሳው ወንዙ አፋፍ ድረስ ወርዷል።

አዛውንቱን ስለ ድኩላ ብጠይቃቸው ወሬውን ወደ ከርከሮ መለሱት፤ ልክ ነበሩ። ሌሊት ከርከሮና ጃርት፣ ቀን ዝንጀሮ። በቆሎው እሸት ከያዘ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ ቤተሰቡ ተራ ገብቶ ማማ ላይ ያድራል። የልጅ ልጃቸው በዚያ ወር ትምህርት ቤት የሚሄደው አንድ ቀን እየዘለለ ነው። «ነብር በነበረ ጊዜ ከርከሮ እንዲህ አይዳፈረንም ነበር» አሉ። ነብሩ የእሳቸውንም ፍየል በልቶባቸው ያውቃል፤ ቢሆንም ዛሬ ከሁለቱ የሚመርጡት ነብሩን ነው። አዳኝ አውሬ ለአንድ አገር ምን እንደሚሠራ እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ መጽሐፍ የለም።

በነጋታው ማለዳ በወንዙ ዳር ከቀረው ጥቅጥቅ ያለ ደን ጥግ አንዲት ሴት ድኩላ አየሁ። ቀይ ቡናማ፣ ጎኗ ላይ ነጠብጣብ ያለባት። አየችን፣ እንደ ውሻ አንዴ ጮኸችና ገባች። መሪዬ ስጋዋ ጣፋጭ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ በውሻና በጦር የሚያድናት እንዳለም እንዲሁ። ከዚህች ድኩላ በሕግ የሚያገኘው አንዳች ጥቅም ስለሌለ አልፈረድኩበትም።

የጥቅሙ ነገር መነሳት ያለበት እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ለዱር እንስሳት ልማት መድበዋል፤ ኤልኩን ለማብዛት የረዳው የአዳኙ ገንዘብ ጭምር ነው። እኛም ዘንድ በባሌና በአርሲ የውጭ አገር አዳኞች በ10 ሳንቲማችን ላይ ያለውን የደጋ አጋዘን ለመግደል በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። በወለጋ በኩል የዳቡስ ሸለቆ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። ቄለም ወለጋ ውስጥ ደግሞ ጎሽና ጉማሬ ያለበት፣ ከ1000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ዳቲ ወለል ብሔራዊ ፓርክ አለ። እሱን ለማየት ወደ ደምቢዶሎ መቀጠል ፈልጌ ነበር፤ የመንገዱ ጸጥታ አላስኬደኝም። ጠመንጃ በበዛበት አገር የፓርክ ጠባቂ ምን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ለዲዴሳ ገበሬ ግን ፓርኩም የአደን ቀበሌውም ሩቅ ናቸው። ለእሱ አውሬ ማለት የተበላ በቆሎ ነው። ከመለያየታችን በፊት አዛውንቱን፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ደን እንዲተው ቢወሰን ይስማሙ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ድኩላው ቢኖር ምን ከፋኝ? ግን ደኑ ከተተወ ከርከሮው እዚያው ያድራል። ሌሊቱን ማን ይጠብቅልኛል?» አሉኝ። ስለ ዲዴሳ የዱር እንስሳት የሚጻፍ ማንኛውም ዕቅድ የመጀመሪያ ገጹ ላይ ይህን ጥያቄ ቢመልስ እወዳለሁ፤ የማሳ ጥበቃው ወጪ ስንት ነው፣ የሚከፍለውስ ማን ነው?