ምድር ከመናወጧ በፊት

አስተማሪ በነበርሁበት ዘመን «የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኝ ነበር። መልሴ አጭር ነበር፤ ቀኑንና ሰዓቱን ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን የሚደርስበትን ቦታና የአደጋውን ጠባይ ማወቅ ይቻላል። ሕይወትን የሚያድነውም ይኸው ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙትን የሐዋይ ደሴቶች ተመልከቱ። ደሴቶቹን የሠራቸው እሳተ ገሞራ ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣው ቅልጥ አለት ተራራውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ የተራራውም ክብደት ከበታቹ ያለውን የምድር ቅርፊት ያጎብጠዋል። ኪላዌያ የተባለው እሳተ ገሞራ ደቡባዊ ጎኑ ቀስ በቀስ ወደ ባሕር ይንሸራተታል፤ አንዳንድ ጊዜም በድንገት ይፈናጠራል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 29 ቀን 1975 የሆነው እንዲህ ነበር። ሃላፔ በሚባለው ጠረፍ 32 ያህል ሰዎች ድንኳን ተክለው አድረው ነበር። ገና ሳይነጋ የደረሰው የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ከገደሉ ላይ ድንጋይ ስላወረደ፣ አንዳንዶቹ ገደሉን ሸሽተው ወደ ባሕሩ ቀረቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን በመጠን 7.7 የሆነው ዋናው መንቀጥቀጥ ደረሰ። ጠረፉ ከ3 ሜትር በላይ ሰመጠ፤ ሱናሚ የሚባለው የባሕር ማዕበልም ወዲያው ተከተለ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከድንጋዩ መሸሻቸው ተገቢ ነበር፤ የሸሹበት ስፍራ ግን ሌላ አደጋ ነበረበት። በዚያው ደሴት እ.ኤ.አ. በ1868 ከዚህ የሚበልጥ መንቀጥቀጥ ደርሶ፣ የተናደ መሬትና ማዕበል ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበር። ምድር ያደረገችውን መልሳ ታደርጋለችና፣ ያለፈውን መመርመር ለሚመጣው መዘጋጀት ነው።

ታዲያ ዝግጅቱ ምንድን ነው? ቤቱ በእንጨት ቋሚዎች ላይ የተሠራ እንደ ሆነ ቋሚዎቹን ከመሠረቱ ጋር በብረት ማሰር፣ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጋር ማያያዝ፣ አልጋውን ከመስኮት ማራቅ፣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ በአንድ ስፍራ ማስቀመጥ ነው። ምድር በምትናወጥበት ጊዜ ዝቅ ብሎ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መጠለልና እግሩን አጥብቆ መያዝ ይገባል። በባሕር ዳር ያለ ሰው ደግሞ መንቀጥቀጡ እንደ ቆመ ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ ወደ ከፍታ ይውጣ።

ይህ ነገር የሩቅ ደሴት ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። በ2017 ዓ.ም. በአገራችን በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ከምድር በታች የተንቀሳቀሰው ቅልጥ አለት መሬቱን ደጋግሞ አናውጧል፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቀያቸውን ለቀዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላልና ያገራችን ሰው፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ከራስጌያችሁ በላይ የተቀመጠው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ።