እንደገና «ቁጥር አንድ»

አንድ ታሪክ ሰባ ሦስት ዓመት ሲተረክ ቆይቶ በአንድ ማለዳ «እስከ ዛሬ የተነገረው ሁሉ እንዳልተነገረ ይቈጠር» ቢባል አድማጩ ምን ይሰማዋል? ጥያቄው የተረት ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ የሥዕላዊ ታሪክ መጽሔቶች፣ በተለምዶ ኮሚክ በሚባሉት፣ በተግባር የተፈጸመ ነው። «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማንን ለአንባቢ ካስተዋወቀ ወዲህ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) እስከ ቁጥር 904 ደርሶ ነበር። በ2011 አሳታሚው ዲሲ ያንን ቈጠራ ዘግቶ መጽሔቱን እንደ አዲስ «ቁጥር 1» ብሎ አወጣው። በዚያው ሰሞን ሌሎች 51 መጽሔቶችም በቁጥር 1 ወጡ። ለአዲሱ አንባቢ በር የተከፈተለት መሰለው፤ ለነባሩ አንባቢ ቤቱ የፈረሰበት መሰለው። ሁለቱም አለመሳሳታቸው ነው ጉዳዩን ሊመረመር የሚገባው የሚያደርገው።

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ የክሊቭላንድ ከተማ ወጣቶች ነበሩ። የገጸ ባሕርዩን ባለቤትነት ለአሳታሚው ያስተላለፉት በ130 ዶላር ሲሆን፣ ከረጅም ሙግት በኋላ የፈጣሪነት ስማቸው እንዲታተምና ዓመታዊ አበል እንዲከፈላቸው የተደረገው በ1975 ነው። ይህ ከተያዘው ርእስ ውጭ አይደለም። አንድ ደራሲ የጻፈው ልብ ወለድ በመጨረሻው ገጽ ይዘጋል። ገጸ ባሕርዩ የኩባንያ ንብረት በሆነ ጊዜ ግን ደራሲው ይለወጣል፣ ሠዓሊው ይለወጣል፤ ጀግናው አያረጅም፣ ጡረታም አይወጣም። በ1938 ሙሉ ሰው የነበረው ሱፐርማን በ2011ም ያው ጎልማሳ ነው። በማይጨምር ዕድሜ ላይ የሰባ ዓመት ትዝታ ሲጫን፣ ወይ ዕድሜው ወይ ትዝታው መሰበሩ አይቀርም። የኮሚክ ዓለም ውጣ ውረድ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ቅራኔ ነው።

ቅራኔው ቀደም ብሎ በግልጽ የታየው በፍላሽ ላይ ነበር። ይህ ፈጣን ሯጭ በ1940 ሲፈጠር ስሙ ጄይ ጋሪክ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀግኖቹ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጽሔቱ ተዘጋ። በ1956 አዘጋጁ ጁሊየስ ሽዋርትስ፣ ደራሲው ሮበርት ካኒገርና ሠዓሊው ካርማይን ኢንፋንቲኖ ስሙንና ችሎታውን ብቻ አስቀርተው ባሪ አለን የተባለ ሌላ ፍላሽ አወጡ። አዲሱ ፍላሽ አሮጌውን የሚያውቀው ከኮሚክ መጽሔት ገጽ ላይ ነው። ጋርድነር ፎክስ በ1961 በደረሰው ታሪክ ግን ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ሁለት ዓለማት ጎን ለጎን መኖራቸውም ታወቀ። አያትን ከቤት ሳያስወጣ ለልጅ ልጅ ክፍል የሚሰጥ፣ ጨዋ መፍትሔ ነበር።

በዚያው ዓመት ማርቭል በተባለው ተፎካካሪ አሳታሚ ቤት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ሌላ ልማድ ጀመሩ። አንዱ ጀግና በአንዱ መጽሔት የደረሰበት ጉዳት በሌላው መጽሔት ይታወሳል፤ አዘጋጁም ነገሩ በየትኛው ቁጥር እንደ ሆነ በግርጌ ማስታወሻ ይጠቁማል። እንዲህ እያለ አንባቢው ከገዢነት ወደ መዝገብ ጠባቂነት ከፍ አለ። የትኛው ጠላት በየትኛው ቁጥር ድል እንደ ተመታ የሚያውቅ፣ ስሕተት ሲያገኝ ለአዘጋጁ የሚጽፍ፣ ደብዳቤው ሲታተምለት የሚኮራ አንባቢ ተፈጠረ። ስለዚህ የታሪክ ተያያዥነት የሚባለው ነገር የደራሲዎች ሥራ ብቻ አይደለም፤ የአንባቢው ትዝታም ሥራ ነው።

በዲሲ በኩል ዓለማቱ ከሁለት አልፈው ብዙ ሆኑ። በ1985 ማርቭ ዎልፍማንና ጆርጅ ፔሬዝ «ክራይሲስ ኦን ኢንፊኒት ኧርዝስ» በተባለ የ12 ቁጥሮች ታሪክ ዓለማቱን አፍርሰው አንድ ብቻ አስቀሩ፤ ባሪ አለንም ሌሎችን ለማዳን እየሮጠ በዚያው ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ጆን በርን የሱፐርማንን ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ እንደገና ጻፈው። ሥራው ጥርት ያለ ነበር፤ ነገር ግን አንዱን ክር ሲስቡት ሌላው ተተረተረ። በአዲሱ ታሪክ ሱፐርማን በልጅነቱ ጀግና አልነበረም ተባለ፤ በዚያ ልጅ አርአያነት የተሰባሰቡት የመጪው ዘመን ጀግኖች ታሪክ ግን በሌላ መጽሔት ይቀጥል ነበር። አርአያው ካልነበረ ተከታዮቹ ከየት መጡ? ይህን ለመጠገን ሌላ ታሪክ ተጻፈ። የተከማቸውን ስንጥቅ ሁሉ ለመድፈን በ1994 «ዜሮ አወር» መጣ፤ በ2005 «ኢንፊኒት ክራይሲስ» ተከተለ፤ ከዚያም የ2011ዱ ደረሰ። እየተጣፈ የሚለበስ ልብስ በመጨረሻ ጨርቁ ጠፍቶ ጣፉ ብቻ ይቀራል።

ይህን ያህል ማፍረስና መገንባት ለምን አስፈለገ? የጥበብ ምክንያት መኖሩ አይካድም፤ የገበያው ምክንያት ግን ይበረታል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ኮሚክ በልዩ ሱቆች መሸጥ እየተለመደ ሄደ፤ በዚህ አሠራር ባለ ሱቁ ያልተሸጠለትን ቅጂ ለአሳታሚው አይመልስም። አሳታሚው በቅድሚያ የሚያሳድደው የባለ ሱቁን ትእዛዝ ነው፤ «ቁጥር 1» ደግሞ ትእዛዝ ይስባል። በ1991 የወጣው የ«ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ታትሞ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የገዙት ሊያነቡ ሳይሆን አስቀምጠው ሊያተርፉበት ነበር። የ1938ቱ፣ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም የተሸጠው መጽሔት፣ ውድ ቅርስ መሆኑን አይተዋልና፤ አንድ ቅጂው በ2014 ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ይሁን እንጂ ያ መጽሔት የተወደደው ልጆች አንብበው ስለ ጨረሱት፣ ቀድደውም ስለ ጣሉት ነው። ሁሉም የሚያስቀምጠው ነገር ብርቅ አይሆንም። ገበያው ወደቀ፤ ብዙ ሱቆች ተዘጉ፤ ማርቭል ራሱ በ1996 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ልማዱ ግን አልተተወም፤ «ዘ አሜዚንግ ስፓይደርማን» በ1999፣ በ2014፣ በ2015፣ በ2018፣ በ2022 እና በ2025 ከቁጥር 1 እንደገና ጀምሯል።

የቁጥሩ መለወጥስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከቁጥሩ ጋር የሚሰረዘው ሕይወት ነው። ባርባራ ጎርደን በ1988 በታተመ ታሪክ በጥይት ተመትታ እግሮቿ ሽባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የመጡ ደራሲዎች ከተሽከርካሪ ወንበሯ ሳትነሣ በኮምፒዩተር ዕውቀቷ ጀግኖችን የምትመራ፣ የሁሉም ዐይንና ጆሮ የሆነች ሴት አደረጓት። በ2011 ግን እንደገና በእግሯ ቆማ ባትገርል ሆነች። ለአንዳንዱ አንባቢ ይህ ምሥራች ነበር፤ በወንበሯ ላይ ራሳቸውን ላዩት አካል ጉዳተኛ አንባቢዎች ግን መስተዋታቸው ተወሰደ። ስፓይደርማንም በ1987 ያገባትን ሚስቱን በ2007 አጣት፤ አልሞተችም፣ አልተፋቱምም፣ በአንድ ውል ምክንያት ጋብቻቸው እንዳልተፈጸመ ሆነ። ሃያ ዓመት የትዳራቸው ምስክር የነበረ አንባቢ ምስክርነቱን ማን ይቀበለዋል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ አሳታሚው በአንድ ማስታወቂያ የዘጋውን አንባቢው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል።

ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዋሊ ዌስት ዕጣ ነው። ዋሊ በ1959 ማብቂያ ላይ የፍላሽ አድናቂ ልጅ ሆኖ ብቅ አለ፤ የልጅ አድናቂነቱ ያው የአንባቢው አድናቂነት ነበር። ባሪ አለን ሲሞት ልብሱን ለብሶ ስሙን ወረሰ፤ ጎለመሰ፣ አገባ፣ ወለደ። ለሃያ አምስት ዓመት ያህል አንድ የአንባቢ ትውልድ ፍላሽ ሲባል የሚያውቀው ዋሊን ነበር። በ2011 ጄፍ ጆንስ በደረሰው «ፍላሽፖይንት» ውስጥ ከሞት የተመለሰው ባሪ አለን የተገደለች እናቱን ለማዳን ወደ ኋላ ሮጦ ጊዜን አወከ፤ ከዚያ ሁከት በኋላ በተመሠረተው አዲስ ዓለም ዋሊ አልነበረም። አልሞተም ነበርና የሚያለቅስለት፣ መቃብሩንም የሚያሳይ አልተገኘም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ጄፍ ጆንስ «ሪበርዝ» የተባለውን ታሪክ ይዞ መጣ። ዋሊ ከጊዜ ውጭ በሆነ ኃይል ውስጥ ጠፍቶ፣ የሚያስታውሰኝ ሰው ባገኝ እድናለሁ ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። ባትማን አላወቀውም። ሚስቱ የነበረችው ሊንዳ ፓርክ ዐይኗ እያየው አላወቀችውም። በመጨረሻ ሊሰናበተው ወደ ባሪ ይሄዳል፤ ምስጋናውን ተናግሮ ሊከስም ሲል ባሪ ስሙን ይጠራል፣ እጁን ይዞ ያወጣዋል፤ ሁለቱም ይላቀሳሉ። ያን ገጽ ያነበበ ሁሉ የተጠራው የማን ስም እንደ ሆነ አልተሰወረውም። ለአምስት ዓመት ስሙን ሲጠራ የኖረው አንባቢው ነበር። የአሳታሚው ቤት ያኔ ባሪን ሆኖ አስታወሰ። ወረቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ በ2018 በጀመረ ሌላ ታሪክ ያው ዋሊ የብዙ ጓደኞቹ ሞት ምክንያት ተደረገ፤ ያንን ለማረም ደግሞ እስከ 2021 ሌላ ጥገና አስፈለገ።

ከዚህ ተነሥቶ ታሪክን ማደስ ስሕተት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ነባሩን ታሪክ ለአዲስ ትውልድ እንደገና መተረክ ከተራኪነት ጋር አብሮ የተወለደ ሥራ ነው፤ የ1956ቱ ፍላሽ ባይታደስ ዋሊም ባልኖረ ነበር። ማርቭል በ2000 የስፓይደርማንን ታሪክ ከመነሻው ሲጀምር ነባሩን ሳይነካ በሌላ ዓለም አደረገው፤ በ2011 ብራያን ማይክል ቤንዲስና ሣራ ፒኬሊ ማይልስ ሞራሌስ የተባለውን ጥቁርና የፖርቶ ሪኮ ዝርያ ያለውን ወጣት የፈጠሩት በዚያ ዓለም ነው። ጭምብሉን ለበሰ እንጂ የማንንም ትዝታ አልሰረዘም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንዱ በአዲስ ብራና ላይ ይጽፋል፣ ሌላው የተጻፈበትን ይፍቃል።

«አክሽን ኮሚክስ» በ2016 ወደ ቀድሞ ቈጠራው ሲመለስ የወጣው በቁጥር 957 ነው። የመጀመሪያዎቹ 904ና ከ2011 በኋላ የወጡት 52 ተደምረው፣ ሁለቱም አንድ ታሪክ ሆነው ተቈጠሩ። በሚያዝያ 2018 መጽሔቱ ቁጥር 1000 ደረሰ። በሂሳቡ ውስጥ የተረሳ ቁጥር የለም፤ የተሳካውም ያልተሳካውም ገብቷል። አንባቢውም ከጅምሩ የጠየቀው ከዚህ የሚበልጥ አልነበረም። ታሪኩ እንዳይለወጥ አልጠየቀም፤ ያነበበው እንደ ተነበበ እንዲቈጠርለት ነው የጠየቀው።